ቀዝቃዛው አሞርዛቶር እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሁሉም ስለ መለዋወጫና ስለ ተጨማሪ ዕቃ ይጠይቃሉ። አይገርምም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፣ የዕቃ ዋጋም አብሮ ናረ። እጁ ላይ ያለችውን ላንድክሩዘር እንደ ዓይኑ ብሌን የማያይ ሰው የለም።

አዲስ አንባቢ ካለ ራሴን ላስተዋውቅ። 19 ዓመት በራሴ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ቱሪስት አመላልሻለሁ። የ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኤችዜድጄ 78 ናት፣ ሞተሯ 1ኤችዜድ የሚባለው ናፍጣ ነው። አሁን ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። የምመልሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ቦታዎች ያየሁትን ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምናችሁ። ባለመኪና ስለ አንድ ዕቃ ሲያወራላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደበት? በየት መንገድ? ምን ጭኖ? ሦስቱን ካልመለሰ ምስጋናውም ወቀሳውም ለእናንተ መኪና አይሆንም።

* * *

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሃርድቶፕ አለኝ፣ ከጂንካ ማጎ እንግዳ አመላልሳለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የኋላው አሞርዛቶር ሁለት ጊዜ ፈሰሰብኝ። አንዱ ሹፌር ‹ኦልድ ማን ኢሙ ግዛና ተገላገል› ይለኛል። ሌላው ‹ካያባ ይበቃሃል› ይላል። ሦስተኛው የታይዋኑን አስሮ ሦስት ዓመት እንደነዳ ይምላል። ማንን ልመን?»
— ባለ ሃርድቶፕ፣ ከጂንካ

ወንድሜ፣ ሦስቱም አልዋሹህም። ግን እያንዳንዱ የነገረህ ስለ ራሱ መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አሞርዛቶር ያሰሩ መኪኖች ይዘው መጡ። ካርቶኑ አንድ፣ የተገዛበት ሱቅም አንድ። የአንደኛው 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ጠብታ ዘይት አልወጣውም። የሌላው በሦስት ጉዞ ፈስሷል። የመጀመሪያው ሰው ከባለቤቱ ጋር አዲስ አበባና ሐዋሳ በአስፋልት ነው የሚመላለሰው። ሁለተኛው ጄኔሬተርና የውሃ ቱቦ ጭኖ በያቤሎ ገጠር ለገጠር ይዞራል። ስለ ዕቃው ብትጠይቃቸው አንዱ ይመርቀዋል፣ ሌላው ይረግመዋል።

አሞርዛቶር (ሾክ የምትሉትም ያው ነው) ጭነት አይሸከምም። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ቅጠል) ነው። የአሞርዛቶር ሥራ የባሌስትራውን ዝላይ ማፈን ነው። ውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ ዝላዩ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸንተረር በበዛበት ኮረኮንች ላይ ይህ ያለ ዕረፍት ይደጋገማል። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ አረፋ ይሆናል። ያን ጊዜ መኪናው ኋላው ይዋኛል፤ በኩርባ ላይ ቂጡ ይሄድብሃል። አንተም ይህን ስሜት ሳታውቀው አትቀርም።

አሁን እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩበትን ዘዴ ልንገርህ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ከነዳህ በኋላ ቁም። መኪናው ሥር ገብተህ የእጅህን ጀርባ ወደ አራቱም አሞርዛቶሮች አስጠጋ። አትንካቸው፣ ያቃጥላሉ። ሙቀታቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሁሉም እየሠሩ ነው። አንዱ ከቀዘቀዘ ግን እሱ ሞቷል። ዝላይ ስለማያፍን አይሞቅም። የእርሱን ሥራ ጎረቤቱ ተሸክሞለታል፣ ቀጥሎ የሚፈሰውም ጎረቤቱ ነው። ከማጎ ወደ ጂንካ ስመለስ አንድ ቀን የግራው የኋላ ዘይት ለብሶ አገኘሁት። ስለ እሱ ስናደድ ቆይቼ እጄን ወደ ቀኝ ባስጠጋ፣ ቀኙ እንደ ውሃ ቱቦ ቀዝቅዟል። በውጭው አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም፣ አዲስ ይመስላል። ጥፋተኛው እሱ ነበር። ስለዚህ አሞርዛቶር ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚቀየረው።

ቀጥለህ ባሌስትራህን ተመልከት። መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ቦታ አቁም። ከአክስሉ አናት እስከ ቴላዮው (የመኪናው ዋና የብረት አጥንት) ማረፊያ ጎሚኒ ያለውን ክፍተት ለካ። ከዚያ ማጎ ስትሄድ እንደምትጭነው ሙሉ ጫንና ድገም። ክፍተቱ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነ ችግርህ አሞርዛቶሩ አይደለም። ባሌስትራው ተዘርግቷል፣ አሞርዛቶሩ በየጉድጓዱ መጨረሻው ድረስ እየተመታ ነው። የትኛውን ስም ብታስርበት ይፈሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ባሌስትራ ያስጨምራል። ዘወትር ለሚጭን ጥሩ ነው። ስትመለስ ባዶ ከሆንክ ግን መኪናው ይዘላል፣ ለልስላሴ የተሠራው አሞርዛቶርም ያንን ጠንካራ ባሌስትራ ሊይዘው አይችልም። ኦልድ ማን ኢሙ የሚመሰገነው በዚህ ምክንያት ነው። የአውስትራሊያው ኤአርቢ ምርት ነው፣ ባሌስትራውና አሞርዛቶሩ ለአንድ የጭነት መጠን አብረው ተመጥነው ይሸጣሉ። አሞርዛቶሩን ብቻ ነጥለህ ገዝተህ በተዘረጋ ባሌስትራ ላይ ብታስረው ገንዘብህን ግማሹን ጣልክ ማለት ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ገንዘብ ካለህ ባሌስትራና አሞርዛቶር አብረህ ግዛ፣ የምትጭነውን ኪሎ ሳትደብቅ ተናግረህ። ከሌለህ ባሌስትራውን አስተካክለህ ካያባ እሰር። ካያባ ለቶዮታ ፋብሪካ አሞርዛቶር የሚያቀርብ የጃፓን ድርጅት ነው፣ አታፍርበትም። የታይዋኑን ለአስፋልት እንጂ ለማጎ ቁልቁለት አልመክርህም።

መካኒኩ ሲሠራም አጠገቡ ቁም። የባሌስትራው ጆሮ ውስጥ ያለው ጎሚኒ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ላይ አርፎ ክብደቱን ሲይዝ ነው። በክሪክ እንደተሰቀለ ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ ካጠበቀው፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። በሁለት ወር ይቀደዳል። አንድ ጋራዥ የእኔኑ እንዲህ ሠርቶልኝ አርባ ምንጭ ሳልደርስ መኪናው መንቋቋት ጀመረ። ዕቃው ኦሪጂናል ነበር።

የጎማ ንፋስም አትርሳ። ኮረኮንች ላይ ስትገባ ከ40 ወደ 30 ፒኤስአይ አውርደው፣ ፍጥነትህንም ቀንስ። ጎማው ራሱ የመጀመሪያው አሞርዛቶር ነው። አስፋልት ላይ ስትወጣ መልሰህ ሙላው።

* * *

«ሰላም ጋሼ። 26 ዓመቴ ነው፣ ከአጎቴ የ2005 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዛሁ። የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ ፖርቶመጋላ፣ አራት ፓውዛና 285/75 ጎማ ላስገጥምላት አስቤያለሁ። አሁን ያላት 265/70 አር 16 ነው። በየትኛው ልጀምር?»
— ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ

እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ። መልካም መኪና ነው የገዛኸው። ግን ከጠቀስካቸው በአንዱም አትጀምር።

1ኤችዜድ ከሆነች ታይሚንግ ቺንጋ አላት። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋው መብራት ይበራል። ብዙ ሰው ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንህም። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ይመጣል። አጎትህን መቼ እንደቀየረው ጠይቀው። በትክክል ካላስታወሰ ቀይረው። ከዚያ የእግር ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ክሮቼራ። ይህ ሁሉ አልቆ ገንዘብ ከተረፈ ወደ ዝርዝርህ እንመለስ።

ስለ ጎማው ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 265/70 አር 16 ዲያሜትሩ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/75 አር 16 ደግሞ 834። ልዩነቱ 7 በመቶ አካባቢ ነው። የፍጥነት መለኪያህ 100 ሲል አንተ 107 ትሄዳለህ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ነው። ሞተርህ ቱርቦ የለውም። አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትልልቅና ከባድ ጎማ ስትጨምርበት እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው። መጠኑን አትቀይር። ባለህ መጠን ለኮረኮንችም ለአስፋልትም የሚሆን ጥሩ ጎማ ግዛ።

ስትገዛም ጎኑ ላይ ‹ዶት› ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ግን ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ጎማ አይቻለሁ። ጎኑን በጥፍር ስትጫነው እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፣ በጥርሶቹ መካከል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው።

የብረት ፓራውልትና ዊንች (የተያዘ መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣው) አብረው እስከ 100 ኪሎ ይደርሳሉ። ያ ሁሉ የፊት አክስል ላይ ነው የሚያርፈው። የፊት ሞላህ (ጥምዝምዙ ስፕሪንግ) ይወርዳል፣ መብራትህ መሬት መሬት ያያል፣ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። እውነት ዊንች የሚያስፈልግህ ቦታ ትሄዳለህ? ካልሄድክ ተወው። ከብት ፈርተህ ከሆነ ፓራውልቱ ለበሬ ይረዳል። ለግመል ግን አይረዳም። የግመል እግር ረጅም ነው፣ ሰውነቱ ኮፈኑን ተሻግሮ መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው። ከአዋሽ እስከ ሚሌ በሌሊት አለመንዳት ከማንኛውም ብረት ይሻላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ እግረኛ አለ። ያ ብረት ከሰው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ አስብ።

ግድ ካልክ በቡሎን የሚታሰረውን አሠራ። ቴላዮ ላይ አታስበይድ። የተበየደበት ቦታ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል። አራቱን ፓውዛ ደግሞ በራዲያተሩ ፊት አትደርድራቸው፣ አየር ይከለክላሉ። ሁለት ይበቃሃል፣ ከፍ አድርገህ።

ፖርቶመጋላ ለቀላል ዕቃ ነው። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ወንበር። 20 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ጀሪካንና አንድ ስኮርት ጎማ ላይ ስትሰቅል ከመቶ ኪሎ በላይ ጣሪያ ላይ አወጣህ። በኩርባ ላይ የምትገለብጥህ እሷ ናት።

* * *

«ሰላም ጋሼ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። አባቴ ደሴ የድሮ ሃርድቶፕ አለው፣ ሁልጊዜ ዕቃ ጠፋ ይለኛል። ሻርጃ ያገለገለ ዕቃ በሽበሽ ነው። ምን ልላክለት? እንዳልታለልም እሰጋለሁ።»
— የአባቷ ልጅ፣ ከዱባይ

እህቴ፣ አባትሽ ዕድለኛ ናቸው። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩንና ኮፈኑ ውስጥ ያለውን የሞዴል ሳህን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልሽ አድርጊ። ያለዚያ አንድ ቡሎን አትግዢ። ‹የላንድክሩዘር ነው› የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ኤችዜድጄ 75 እና ኤችዜድጄ 78 ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፣ የ75ቱ ፊት ግን በባሌስትራ፣ የ78ቱ በሞላ ነው።

ሁለተኛ፣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያሉት ላንድክሩዘሮች አብዛኞቹ ቤንዚን ናቸው። የአባትሽ ናፍጣ ነው። ስለዚህ የሞተር ዕቃ ከዚያ ስትገዢ በጣም ተጠንቀቂ። በር፣ መስታወት፣ መብራት፣ ኮፈን፣ የመቀመጫ ብረት ግን ይገጥማል። መሪውም በግራ ነው፣ እንደ እኛው።

ያገለገለ ግዢ የምልሽ ብረትና መስታወት ነው። ያገለገለ አትግዢ የምልሽ ጎማ ያለበትን፣ የሚፋተገውንና የሚፈሰውን ሁሉ ነው። የፍሬን ዕቃ፣ ቺንጋ፣ ቱቦ፣ አሞርዛቶር፣ ኩሽኔታ አዲስ ይሁን። እነዚህን ከቶዮታ መሸጫ ባትችይ፣ ለቶዮታ የሚሠሩትን ድርጅቶች በራሳቸው ካርቶን ጠይቂ። ለኤሌክትሪክ ዴንሶ፣ ለፍሪሲዮን አይሲን፣ ለኩሽኔታ ኮዮ። ጥራታቸውን አምናለሁ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አለው፣ አምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ አምስት አሃዝ። አባትሽ እዚህ ሞኤንኮ (የቶዮታ ወኪሉ) ሄደው በሻንሲ ቁጥሩ ያስወጡት። አንቺ የምትጠይቂው በስም ሳይሆን በቁጥር ይሁን። ጋዝ ያለበት አሞርዛቶርና ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ከመክተትሽ በፊትም አየር መንገዱን ጠይቂ።

የማጭበርበሩን ነገር በአንድ ነገር ላሳይሽ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ሁለት የዘይት ፊልትሮ ይዞልኝ መጣ። ሁለቱም ላይ የቶዮታ ስም አለ። አንዱ ከታመነ ቦታ፣ ሌላው በግማሽ ዋጋ። ሁለቱንም በብረት መጋዝ ቆረጥኳቸው። የመጀመሪያው ወረቀት ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ ነው፣ እጥፋቱ እኩል ነው፣ ሲጫኑት ይመለሳል። የሁለተኛው እጥፋት ሳሳ ያለ፣ አንድ ጎን የተጣበቀ፣ አንድ ጎን የተከፈተ። ሙጫው ወረቀቱን ከቆርቆሮው ጋር ሳይዘው ቀርቷል፣ ጣቴን ባስገባ አለፈ። ዘይቱም እንደ ጣቴ ሳይጣራ ያልፋል ማለት ነው። ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ጎሚኒም እንደ ካርቶን የደረቀ ነበር። ከውጭ ሲታይ ያው ነው። በእጅ ሲመዘን ግን ይቀላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዘዝ ካለ፣ ቁጥሩም ፊልትሮው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ተመለሺ።

* * *

«የዳሎልና የኤርታሌ ሹፌር ነኝ። ባለመኪኖች ዊንች አስገጥም ይሉኛል። ይጠቅመኛል?»
— ከሰመራ

አይጠቅምህም፣ ወንድሜ። ዊንች ገመዱ የሚታሰርበት ዛፍ ይፈልጋል። አንተ በምትሄድበት አሸዋ ላይ ምን ልታስርበት ነው? በዚያው ገንዘብ ከአሸዋ መውጫ ሰሌዳ አራት፣ ጥሩ የንፋስ መሙያ አንድ፣ አካፋ አንድ ግዛ። አሸዋው ላይ ንፋስ እስከ 18 ወይም 20 አውርድ፣ ስትወጣ ሙላ። ንፋስ ባወረድክበት ጎማ በሹል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እንዳትነዳ ብቻ፣ ጎኑን ይቆርጠዋል።

ከጨው ሐይቁ ስትመለስ ደግሞ ሥሯን በንጹሕ ውሃ አሳጥባት። በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን። ቴላዮው ውስጥም ውሃው ይግባ። ከአዋሽ ወዲህ ያሉ መኪኖች ሠላሳ ዓመት ያገለግላሉ፣ ጨው ያልታጠበላቸው በአምስት ዓመት ቴላዮአቸው በመዶሻ ሲመታ ቅርፊት ያራግፋል።

* * *

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። ከጎባ በሳነቲ አድርጌ ዶሎ መና እመላለሳለሁ። ሳነቲ ላይ መኪናዬ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ስኖርክል ካስገጠምክ ጉልበት ይጨምራል አሉኝ። እውነት ነው? ራዲያተሩም አንዳንዴ ይፈላብኛል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው።»
— ከጎባ

መምህር፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያን መንገድ እወደዋለሁ።

ስኖርክል (ወደ ጣሪያ ከፍ ብሎ የሚወጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ) ጉልበት አይጨምርም። ጉልበት የሚነሳዎት ከፍታው ነው። ሳነቲ 4 ሺህ ሜትር ላይ ነው፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ቢወጡ 4 ሺህ 377። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ነው የሚተነፍሰው። ናፍጣው ግን ያው ስለሆነ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዎን ይመልከቱ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ፓምፑን። አንዳንድ የ1ኤችዜድ ፓምፖች በከፍታ ላይ ናፍጣ የሚቀንስ ማስተካከያ አላቸው። የእርስዎ ካለው፣ መሥራቱን የፓምፕ ባለሙያ ይይልዎት። እስከዚያው ማርሽ ቀነስ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ይውጡት።

ቴርሞስታቱን መልሰው ያስገጥሙ፣ እባክዎ። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውሃውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካልነበረ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተር ይመለሳል። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ይዩ። ይህን ማንም አያየውም። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሳነቲ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ራዲያተሩ አዲስም ቢሆን ይፈላል። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይቀይሩት። ኩላንትም ይጨምሩበት፣ የወንዝ ውሃ ብቻ አይሁን። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን ክዳኑን እንዳይከፍቱ።

ስኖርክሉን የማልነቅፍበት ምክንያት ሌላ ነው። አቧራ ላይ ከሌላ መኪና ኋላ ሲሄዱ ከፍ ብሎ ያለውን ንጹሕ አየር ይስባል፣ ፊልትሮዎ ይቆይልዎታል። ወንዝ ሲሻገሩም ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ይጠብቃል። ይህ የሚሆነው ግን በደንብ ከተገጠመ ብቻ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስተው በዝቅተኛ ዙር እንዳለ፣ አንድ ሰው የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ይክደን። በእጅ አይሁን። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ውሃ የሚገባውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ቱቦው ከፊልትሮው ቤት ጋር በሚገናኝበት ሥር ነው።

ሐረና ጫካ ውስጥ ወንዝ ከተሻገሩ ደግሞ ሞተሩን ብቻ አይዩ። ዲፈረንሻሉ ከመንገድ ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው አጭር ከሆነ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻውን በረጅም የናፍጣ ቱቦ ወደ ላይ፣ ናፍጣ መቅጃው አጠገብ ድረስ ያስወጡት። ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዚያ በፊት ግን የዲፈረንሻሉን የላይኛ ቡሎን ፈትተው ጣትዎን ያስገቡና ዘይቱን ይዩት። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ከክረምቱ በፊት ያስቀይሩት።